«ተልኳል» ካለ በኋላ፦ ስለ ቅጽበታዊ ክፍያ ለጻፋችሁልኝ

ባለፈው እትም ስለ ቅጽበታዊ የክፍያ ሥርዓት ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅሁት በላይ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁሉንም ማተም አልችልም፤ ብዙዎቻችሁን የሚነኩትን መርጫለሁ።

ባለፈው ላላነበባችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ቅጽበታዊ የምንለው፣ በአንድ አገር ያሉ ባንኮችና የሞባይል ገንዘብ ድርጅቶች በአንድ ማዕከል ተገናኝተው፣ ከየትኛውም ወደ የትኛውም ሒሳብ፣ ቀንም ሌሊትም፣ በሰከንዶች ውስጥ ገንዘብ የሚያስተላልፉበትን ሥርዓት ነው። እኔ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት 14 ዓመት በባንክ የሒሳብ ማጣሪያ ክፍል ሠርቻለሁ። ስገባ ቼክ በከረጢት ነበር የሚመጣው። ስወጣ ከረጢቱም የለም፣ ቼኩም ከስንት አንድ ነው። ስለዚህ የምመልስላችሁ እጄ ላይ ካለፈው ነገር ተነስቼ ነው።

«ለእህቴ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ልልክ ብዬ አንድ ቁጥር ተሳሳትኩ። ገንዘቡ ለማላውቀው ሰው ገባ። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ባንኬ ጋ ደወልኩ። ‹ገብቷል፣ እኛ መመለስ አንችልም› አሉኝ። በአንድ ጣት የተላከ ነገር እንዴት በአንድ ጣት አይመለስም?»

ንዴትዎ ይገባኛል። እኔም ደርሶብኛል። አንድ ማታ ለወንድሜ ልልክ ስል 6 የነበረውን 9 ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ላይ የአንዲት ሴት ሙሉ ስም ወጣ። ወንድሜ ወንድ ነው፤ ስሙን ባነበው ኖሮ ያን ጊዜ ነበር የምነቃው። ግን አላነበብኩትም። ዓይኔ የሄደው «ቀጥል» የሚለው ላይ ነው። ተጫንኩ፣ የሚስጥር ቁጥሬን አስገባሁ፣ «ተልኳል» አለኝ። ወንድሜ ደውሎ «አልደረሰኝም» ሲለኝ ነው ተመልሼ ያየሁት። ያን ሁሉ ዓመት የሌላ ሰው ስህተት ስፈልግ የኖርኩ ሴት፣ ያን ስም ከደረሰኙ ላይ ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ገንዘቡ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰልኝ። የተመለሰው ባንኩ ስላስገደዳት አይደለም። ሴትዮዋ ተጠይቃ «የኔ አይደለም፣ ይመለስላት» ስላለች ነው። ዛሬም አመሰግናታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ቁጥሩን ሲጽፉ ባንክዎ ማዕከሉን «ይህ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ስም ይመጣል። እርስዎ የሚስጥር ቁጥርዎን ሲያስገቡ ባንክዎ ከሒሳብዎ ላይ ገንዘቡን ይይዝና ትእዛዙን ለማዕከሉ ይሰጣል። ማዕከሉ የተቀባዩን ባንክ ይጠይቃል። ያም ባንክ ሒሳቡ መኖሩን፣ አለመታገዱን አይቶ «እቀበላለሁ» ይላል። ይህ ሁሉ ትንፋሽ እስኪወስዱ ያልቃል። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ 10 ሰከንድ ነው የተሰጠው።

ያቺ «እቀበላለሁ» የምትለው መልስ ናት ቁልፏ። ከእሷ በኋላ ገንዘቡ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ባንክዎ ገብቶ ልውሰድ ቢል ከሌላ ሰው ሒሳብ ላይ ያለ ፈቃድ መውሰድ ነው። ደግሞ ከሻጩ ወገን ያስቡት። ዕቃውን አስረክቦ ገዢው መንገድ ላይ ሆኖ «ተሳስቼ ነው» ብሎ ቢያስመልስ፣ ማን ዕቃ ይሰጣል? ሥርዓቱ የሚታመነው የገባ ገንዘብ ስለማይነሳ ነው። እኛን የሚጎዳንም በዚያው ምክንያት ነው። ቼክ ቢሆን ኖሮ ሳይከፈል ስልክ ደውለው ያሳግዱት ነበር። ድሮ ቀርፋፋው አሠራር የሚሰጠን የማሰቢያ ጊዜ ነበር። አሁን ያ ጊዜ ከመጫን በኋላ የለም፤ ያለው ከመጫን በፊት ነው። ስሙ ስክሪን ላይ የሚወጣባት ቅጽበት ናት።

ይህን አገሮች ዘግይተውም ቢሆን አውቀውታል። ብሪታንያ ቅጽበታዊ ክፍያ የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ትልልቆቹ ባንኮች የተቀባይን ስም ማመሳከር የጀመሩት ግን በ2020 ነው። 12 ዓመት ሙሉ ሰው ስም ይጽፍ ነበር፤ ማሽኑ ግን ቁጥሩን ብቻ ነበር የሚያየው። በዩሮ የሚጠቀሙት አገሮች ባንኮች ይህን ማመሳከር ግዴታ የሆነባቸው ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ነው። ብራዚል ደግሞ ፒክስ የሚባለውን ሥርዓቷን በኅዳር 2020 ስትጀምር፣ ከመላክ በፊት የተቀባዩ ስም እንዲታይ አድርጋ ነው የጀመረችው። በዓመቱ ገንዘብ የማስመለሻ ልዩ መንገድ ጨመረች። እሱም ቢሆን ለማጭበርበርና ለባንኮቹ የራሳቸው የአሠራር ስህተት እንጂ፣ ላኪው ራሱ ቁጥር ሲሳሳት አያገለግልም።

አሁን ምን ያድርጉ? የደረሰኙን ማጣቀሻ ቁጥር ይያዙ። ለባንክዎ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ያመልክቱ። የእርስዎ ባንክ ለዚያኛው ባንክ ይጽፋል፣ ያኛው ደንበኛውን ይጠይቃል። ማመልከቻው ላይ ቀንና ሰዓት፣ መጠን፣ የተላከበትን ቁጥርና ሊልኩለት ያሰቡትን ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንድ አሃዝ ብቻ እንደሚለያይ ያየ ሠራተኛ ጉዳዩን ቶሎ ነው የሚረዳው፤ እኔ ራሴ እንደዚያ ያሉትን ነበር ከክምሩ አውጥቼ የማስቀድማቸው። ሰውየው አልመልስም ካለ የሚቀረው የሕግ መንገድ ነው። የሰው ገንዘብ መሆኑን እያወቁ ይዞ መቅረት መብት አይደለም።

እግረ መንገዴን ለተቀባዮችም አንድ ነገር ልበል። የማታውቁት ገንዘብ ገብቶ አንድ ሰው ደውሎ «ተሳስቼ ነው፣ በዚህ ቁጥር መልስልኝ» ቢላችሁ፣ ራሳችሁ አትላኩ። ለባንካችሁ ንገሩ፣ በመጣበት መንገድ ይመለስ። የተሰረቀ ገንዘብ በእናንተ በኩል እንዲያልፍ የሚያደርጉ ሌቦች አሉ። ስትመልሱ ለሌላ ሰው ትልካላችሁ፣ በኋላ ባለቤቱ ሲመጣ ደረሰኙ ላይ ያለው የእናንተ ስም ነው።

«እህቴ፣ እኔ ልብስ ሻጭ ነኝ። አንዱ ገዝቶ ‹ከፍያለሁ› ብሎ ስልኩን አሳየኝ። አረንጓዴ ምልክት አለው፣ መጠኑ ትክክል ነው፣ ስሜም አለበት። ማታ ሒሳቤን ሳይ ምንም የለም። እንዴት እንዲህ ይሆናል?»

የኔ እህት፣ ያየሽው ሥዕል ነው። የሌላ ቀን ደረሰኝ ስክሪንሾት ላይ መጠኑንና ስሙን መለወጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ደረሰኝ የሚመስል ገጽ የሚሠሩ አፖችም አሉ።

ከዛሬ ጀምሮ የገዢውን ስልክ አትዪ። የራስሽን እዪ። ገንዘብ ሲገባ ሥርዓቱ ለአንቺም መልእክት ይልካል። መልእክቱም ተመሳስሎ ሊሠራ ስለሚችል፣ ጠቀም ላለ ሽያጭ የራስሽን አፕ ከፍተሽ ቀሪሽን ተመልከቺ። ወረፋ ሲበዛ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ሌቦቹም የሚመጡት ያኔ ነው። ሕንድ ውስጥ ነጋዴዎች ይህን ችግር በትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው የተወጡት። ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፣ ገንዘብ በገባ ቁጥር መጠኑን ጮክ ብላ ትናገራለች። እጅሽ ጨርቅ እያጠፈ ጆሮሽ ይሰማል። በምትጠቀሚበት አገልግሎት እንዲህ ያለ ነገር ካለ ጠይቂ።

«ኔትወርክ ስለሌለ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ይገባል» የሚል ደንበኛም ያጋጥምሻል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። እንደዚያም ቢሆን ዕቃው ገንዘቡ እስኪገባ አንቺ ጋ ይቆይ። ሐቀኛ ሰው በዚህ አይቀየምም። ያታለለሽንም ሰው ዝም አትበዪ፤ የቀኑን ሰዓትና ያሳየሽን ስም ጽፈሽ ለፖሊስ አመልክቺ።

«ከኔ ተቆርጧል፣ እሱ ጋ ግን አልገባም። አፑ ‹በሂደት ላይ› ይላል። ድጋሚ ልላክ?»

አይላኩ! ይህን በትልቁ ጽፌ ብለጥፈው ደስ ይለኛል። ድጋሚ የላኩ ሰዎች ሁለቱም ገብቶ ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

የሆነው ይህ ነው። ትእዛዙ ከባንክዎ ወጥቷል። መልሱ ግን በሰዓቱ አልተመለሰም። ምናልባት የተቀባዩ ባንክ ሲስተም ቆሟል። ምናልባት ተቀብሎ «እቀበላለሁ» የሚለው መልስ መንገድ ላይ ጠፍቷል። ባንክዎ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ያን ሰዓት አያውቅም። ስለዚህ ገንዘቡን ለእርስዎ ቢመልስ ሁለት ጊዜ መክፈል ሊሆን ነው፤ ባይመልስ ያለ አግባብ መያዝ ሊሆን ነው። ጥያቄው እስኪጣራ ገንዘቡ መሃል ላይ ይቆያል።

እኛ ማጣሪያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለውን «ተንጠልጣይ» እንለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለት ዝርዝር ይታተማል። አንዱ እኛ ላክን የምንለው፣ ሌላው ማዕከሉ አስተላለፍኩ የሚለው። በማስመሪያና በቀይ እስክሪብቶ ነበር መስመር በመስመር የምናስታርቀው። ሁለቱም ላይ ያለው ምልክት ይደረግበታል። አንዱ ላይ ብቻ ያለው ይከበባል። እያንዳንዱ ክብ የአንድ ሰው ገንዘብ ነው። አንዳንዱ የቤት ኪራይ፣ አንዳንዱ የመድኃኒት። አለቃችን ክቦቹ ሳያልቁ ምሳ አያስወጣንም ነበር፤ ልክ ነበረ። ዛሬ ይህን ኮምፒዩተር ነው የሚያስታርቀው፤ ማዕከሉንም «ያ ትእዛዝ ምን ደረሰ?» ብሎ በየጊዜው የሚጠይቀው ራሱ ነው። አብዛኛው ሰው ሳይነካው ይፈታል። ሳይፈታ የሚቀረው ግን ዛሬም ሰው ይፈልጋል።

እኔን የሚያናድደኝ ደንበኛው እንዲጠብቅ ተነግሮት እስከ መቼ እንደሆነ አለመነገሩ ነው። መጠበቅ ወሰን ያስፈልገዋል። የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ በ2019 ያወጣው መመሪያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከላኪ ተቆርጦ ተቀባይ ጋ ካልገባ፣ ቢዘገይ በማግስቱ ራሱ መመለስ አለበት። ካለፈ ለዘገየበት እያንዳንዱ ቀን 100 ሩፒ ካሣ ለደንበኛው ይከፈላል፤ ደንበኛው ባያመለክትም። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። ግን ባንኩ በቀን ስንት ሺህ ተንጠልጣይ ሊኖረው እንደሚችል ስታስቡ፣ ክቦቹን በጊዜ ለመዝጋት የሚያስቸኩል ነው።

እርስዎ ማጣቀሻ ቁጥሩን ይዘው ባንክዎን «በስንት ቀን ይጣራል?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከነሰጪው ስም ይጻፉት። ክፍያው የሚያስቸኩል ከሆነ ለተቀባዩ «በሂደት ላይ» የሚለውን አሳይተው ቀን እንዲሰጥዎ ይለምኑት።

«የሒሳብ አያያዝ ተማሪ ነኝ። እሑድ እኩለ ሌሊት ባንክ ዝግ ነው። ታዲያ ገንዘቡ እንዴት ይሄዳል? እውነት ይንቀሳቀሳል ወይስ ቁጥር ብቻ ነው የሚለወጠው?»

ጎበዝ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደስ ይለኛል። ሁለት ነገር ለይተህ እይ። አንዱ ደንበኛው የሚያየው ነው። ሁለተኛው ባንኮቹ እርስ በርስ የሚተሳሰቡት ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ላይሆኑ ይችላሉ።

ባንኮች ማዕከላዊ ባንክ ውስጥ እኛ ባንክ ውስጥ እንዳለን ዓይነት ሒሳብ አላቸው። የኔ ባንክ ለአንተ ባንክ ዕዳውን የሚከፍለው እዚያ ነው። አንዳንድ አገር እያንዳንዱ ክፍያ በዚያው ቅጽበት፣ አንድ በአንድ፣ በማዕከላዊ ባንኩ መዝገብ ይወራረዳል። የብራዚሉ ፒክስ እንዲህ ነው፤ መዝገቡም ሌሊት አይዘጋም። ሌላው መንገድ ማጠራቀም ነው። ብሪታንያ ስትጀምር የመረጠችው ይህን ነው። ደንበኛው ወዲያው ያገኛል፤ ባንኮቹ ግን ልዩነቱን ብቻ በሥራ ቀን ሦስት ጊዜ ይተሳሰባሉ። እኔ ላንተ 100 ቢኖርብኝ፣ አንተ ለኔ 90 ቢኖርብህ፣ የሚያልፈው 10 ብቻ ነው።

ይህ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ግን አንድ አደጋ አለው። መሃል ላይ አንዱ ባንክ ቢወድቅስ? ደንበኞቹ የላኩትን ሌሎች ባንኮች አስቀድመው ከፍለውለታል። ለዚህ ነው እያንዳንዱ ባንክ ሊበደር ከሚችለው ጋር የሚመጣጠን ጥሬ ገንዘብ ቀድሞ ማዕከላዊ ባንኩ ጋ እንዲያስይዝ የሚደረገው። ያስያዘው ካለቀ ክፍያው አያልፍም። በበዓል ዋዜማና በደመወዝ ቀን ከየትኛውም ቀን በላይ ይህን እንጠብቅ ነበር፦ ሰው ይልካል፣ መያዣው ይጎድላል፣ ስልክ ይደወላል።

«ቁጥር ብቻ ነው?» ላልከው፦ አዎ፣ ቁጥር ነው። ግን ሁለት መዝገብ ላይ እኩል የሚለወጥ፣ አንዱ ላይ ሲቀነስ ሌላው ላይ መጨመር ያለበት ቁጥር ነው። የሂሳብ አያያዝ መምህርህ የሚያስተምሩህ ዴቢትና ክሬዲት እዚህ ነው ሕይወት የሚኖረው።

ደግሞ አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። ጃፓን በባንኮቿ መካከል እንዲህ ያለ መረብ የዘረጋችው በ1973 ነው። ሌሊትና እሑድን ጨምሮ መሥራት የጀመረው ግን በ2018 ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ፌድናው የተባለውን የራሱን የጀመረው ገና በሐምሌ 2023 ነው። ቴክኖሎጂው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ቀዳሚዋ አሜሪካ በሆነች። ከባዱ ነገር ሁሉንም ባንኮች አንድ መረብ ውስጥ ማስገባት ነው። ብራዚል ከ500,000 በላይ የደንበኛ ሒሳብ ያለው ተቋም ሁሉ የግድ እንዲገባ አዘዘች፤ ለግለሰብም ነፃ አደረገችው። ሕዝቡ ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው ግልብጥ ብሎ የገባበት። ለመመረቂያ ጽሑፍህ ርዕስ ከፈለግህ ይህችን ያዝ።

«‹ሽልማት ደርሶሃል፣ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥርህን አስገባ› የሚል መጣልኝ። ላስገባ?»

በፍጹም። ገንዘብ ለመቀበል የሚስጥር ቁጥር አይጠየቅም። የሚስጥር ቁጥር ያስገቡ ዕለት እየከፈሉ ነው። የመጣልዎ «ክፈለኝ» የሚል ጥያቄ ነው፤ በ«ሽልማት» ስም ተጠቅልሎ። ሕንድ ውስጥ ይህ ማታለያ ስለበዛ ከጥቅምት 2025 ጀምሮ ግለሰብ ለግለሰብ እንዲህ ያለ የክፍያ ጥያቄ እንዳይልክ ተከልክሏል።

«አባቴ 74 ዓመቱ ነው። ስልኩ ተራ ስልክ ናት። ሁልጊዜ ለመክፈል እኔን ይጠብቃል፣ እኔም የሚስጥር ቁጥሩን ይዤ እከፍልለታለሁ። ራሱ እንዲችል ላስተምረው ወይስ ይቅር?»

ያስተምሩት። የሚስጥር ቁጥሩንም ይመልሱለት። ልጅ ቢሆኑም፣ በቅን ልብ ቢሆንም፣ የሱ ነው። አንድ ቀን የማያውቁት ገንዘብ ቢጎድል ሁለታችሁም ትቸገራላችሁ።

ተራ ስልክ አይከለክልም። በኮከብ ምልክት ጀምሮ በመሰላል ምልክት የሚያልቅ አጭር ቁጥር ተደውሎ፣ ኢንተርኔት ሳያስፈልግ የሚከፈልበት መንገድ አለ። ሕንድ በ2022 ለተራ ስልክ ብቻ የሚሆን ልዩ አገልግሎት ከፍታለች፤ ደውሎ በድምፅ መክፈልም ይቻላል። የአባትዎ ባንክ ምን እንዳለው ይጠይቁ። ፊደሉ ትንሽ ስለሚሆን መነጽራቸው አጠገባቸው ይሁን።

አንድ ቅዳሜ ከአባትዎ ጋር ይቀመጡ። አይቸኩሉ፣ ስልኩን ከእጃቸው አይንጠቁ። በጣም ትንሽ ገንዘብ ለእርስዎ እንዲልኩ ያድርጉ። ቁጥሩን ጽፈው ስም ሲወጣ «ማን ይላል፣ አባዬ?» ይበሏቸው። ጮክ ብለው ያንብቡልዎት። የእርስዎ ስም መሆኑን ከሰሙ በኋላ ብቻ የሚስጥር ቁጥራቸውን ያስገቡ፤ እርስዎም ያን ጊዜ ፊትዎን ያዙሩ። ከዚያ ሆን ብለው አንድ አሃዝ አሳስተው ያጽፏቸውና የሚወጣውን የሌላ ሰው ስም ያስነብቧቸው። እዚያ ላይ «ተወው» የሚለውን ይጫኑ። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙት።